ከጉብታው ላይ የነቀልኩት ሬት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6
አደይ አበባው ደረቀ። አምስቱም። ከጣርማበር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ነበር ያመጣሁት፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሁለት ቀን አላቆየውም።

ባለቤቴ አልማዝ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ትመለሳለች። በስልክ፣ "ግቢያችን ክረምት ከበጋ አይለይም። ክረምቱ መውጣቱን የሚያሳውቅ አንድ አበባ እንኳ ይኑረው" አለችኝ። ሃያ ዓመት ኖረንበታል። ማንጎው፣ ሎሚው፣ ኒሙ ጥላ እንጂ ቀለም የላቸውም።

ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚያደርግላት ነገር እንደሌለ ነግሮኛል። እሷ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8
ከወንዙ ማዶ ጉብታ ላይ ሬት አገኘሁ። አበባው ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ፀሐይ አይፈራም። ሦስት ነቀልኩ። እሾሁ እጄን ቧጨረኝ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ተከልኳቸው። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ዓርብ
ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ የማሽላ እሸት ይዘው መጡ። ሬቱን ሲያዩ እሸቱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ከየት አመጣኸው፣ መምህር?"

ነገርኳቸው።

"ድንጋዩን አላየህም?"

አይቻለሁ። ከእርሻ የተለቀመ መስሎኝ ነበር።

"እኛ ሬት የምንተክለው ቀብር ላይ ነው። ውኃ ባያገኝም አይሞትም። ይሄ የዘሀራ ነው።"

ዘሀራ ልጃቸው ናት። አስተምሬያታለሁ። በወሊድ ስትሞት ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ቀብሩ ላይ ግን ክፍል አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ሄጄ ቢሆን ቦታውን አውቀው ነበር።

አብረን ሄደን መለስነው። እኔ ቆፈርኩ፣ እሳቸው ያዙ። የተቧጨረ እጄን አይተው፣ "ልጅ ሆናም ትቧጭር ነበር" አሉ።

ቅዳሜ
አልማዝ መጣች። ከሚኒባሱ ደግፌ አወረድኳት። በጣም ከስታለች። መስኮቱ ፊት ያሉትን ሦስት ጉድጓዶች አይታ፣ "ማንን ልትቀብር ነው?" አለች። ቀልዷ ነው። አልሳቅሁም። የሬቱን ነገር ነገርኳት፤ የሐኪሙን አልነገርኳትም።

እሑድ
ጋሽ ሰይድ ሊጠይቋት መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሬት ይዘዋል፤ እንቡጥ አለው።

"ከዘሀራው ሥር የበቀለ ነው። ያኛውን ወሰድከው፤ ይሄን ሰጠሁህ።"

እጄን ሳልዘረጋ ቆየሁ። የቀብር ተክል፣ በታማሚ መስኮት ሥር።

አልማዝ ከአልጋዋ ታየኝ ነበር።

"ምን ያስፈራሃል? ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኛል። ትከለው።"

አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩት። ሁለቱን ደፈንኳቸው። እንቡጡ ገና አልፈነዳም። ትራሷን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት።