ለሁለት ኮምፒውተር የተቀመጠ ሽምግልና

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

እኔ ኪንሲ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ዛሬ ፍላሽ ላደርስ ጋሼ ዓብዩ ቤት ሄጄ፣ በኮምፒውተሩ ጥልፍ መሸፈኛ የሳምቡሳ እጄን ጠርጌአለሁ። ጥፋቱ የሳምቡሳው ነው። ዘይቱ በዝቶ ነበር።

ሌላው እንደ ሁልጊዜው። ሙቀት... ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጋላ ሰፈር፣ አብቲ ዋሪስ ሱቅ። አብቲ የእናቴ ወንድም ነው። ከጋሼ ዓብዩ ጋር የሠርግ ቪዲዮ ይሠራሉ። የአብቲ አሮጌ ማሽን ሱቅ ውስጥ ነው፤ የጋሼ አዲሱ ቤቱ ነው፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ።

የእኔ ድርሻ የሴቶቹ አዳራሽ ቪዲዮ ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው የሚጨፍሩትን ወንድ አያይም፤ ስለዚህ የምቆርጠውም የምቀጥለውም እኔ ነኝ። ያኔ አብቲ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያን ግድግዳ እንደ እሱ ያጠናው ሰው የለም።

ግን ማሽኑ ካለፈው አፕዴት ወዲህ ይጎተታል። «አቦ፣ ጌምሽ ነው የገደለው» አለኝ አብቲ። እኔ እሆን እንዴ? ትንሽ ተጫውቻለሁ... ትንሽ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ጋሼ ዓብዩ ፍጥነት የሚለካ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የማሽኑን አንጎል፣ ሲገዛ አብሮ የተሰጠው ነው። ጋሼ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ቢወጣም በማሽን ላይ ፍርድ መስጠት አልተወም። የራሱን ቤቱ ለክቶ መጥቷል። የእኛን ለካ። የሱ ፍጥነት የእኛን እጥፍ ሆነ። እጥፍ!

ተፈረደብን። የእኛ ማሽን አልቆለታል፣ ቅዳሜ ለመልካ ጀብዱ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ይሸጥ፣ ሥራው ሁሉ ጋሼ ቤት ይሁን። የሴቶቹንስ ማን ይሠራል? ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ትልቅ ሴት ይፈለጋል ተባለ። ጋሼ ማሽኑን ሕፃን አያስነካም። ሕፃን ማለት እኔ ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ።

አብቲም እሺ አለ። ቅዳሜ ያቺ ማሽን ከሄደች እኔ ምን ላይ እሠራለሁ? ስልኬ ላይ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አልገደልኩትም! እፎይ...

ስለ አፕዴቱ ሳነብ አመሸሁ። ፕሮሰሰር ቀጣዩን ሥራ ሳይታዘዝ ገምቶ ይጀምራል፤ አብቲ ለእንግዳ ሳይጠይቅ ሻይ እንደሚያዘው። ግምቱ ከሳተ ሥራውን ይጥለዋል፣ ፍርፋሪው ግን ይቀራል። ሌባ ፕሮግራም ፍርፋሪውን አይቶ ምስጢር ሊያወጣ ይችላል። አፕዴቱ ለዚህ ነው በር ላይ ዘበኛ ያቆመው። ዘበኛ ካለ ወረፋ አለ። አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል። ጌሜ ንጹሕ ነው።

ልሞክር ብዬ ዘበኛውን አጠፋሁት። ማሽኑ ነፍስ ዘራ። «ጠገንኩት» ብልስ? ማን ያውቃል? አብቲ ግንባሬን ይስመኛል፣ ነጋዴውም ይቀራል...

ከዚያ የሴቶቹን ፎልደር አየሁ። የኤዶ ሂቦ ልጅ ሠርግ፤ ኤዶ አክስት እንደማለት ነው። እነዚያ ሴቶች በሩ ዝግ ነው ብለው ነው የጨፈሩት። አብቲ ደግሞ በዚሁ ማሽን ያገኘውን ዘፈን ሁሉ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ሌባው አብሮ ቢገባስ?

ዘበኛውን መለስኩት።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዘበኛው ጠፍቶ በጋሼ መለኪያ ስለካም ከሱ ገና ሩቅ ነበርን። ለምን?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ገባኝ። ስለ መለኪያው የተጻፈ አገኘሁ፦ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ስም ይጠይቃል! የጋሼ ዓይነት ከሆነ በአቋራጭ ያሳልፈዋል። የእኛ ዓይነት ከሆነ ዙሪያ ጥምጥም። ለምን ቢባል፣ መለኪያውን የሠራው ያው የጋሼን ፕሮሰሰር የሠራው ፋብሪካ ነው።

ለአብቲ እንዴት ላስረዳው? አብቲ መጋላ ውስጥ ያልተቀመጠበት ሽምግልና የለም። ስለዚህ ከባላጋራህ ጋር ስትታረቅ ሽማግሌው የሱ አጎት ብቻ ቢሆን ትቀበላለህ ወይ አልኩት። ምን በወጣኝ አለ፣ ተቆጥቶ። «እና ማክሰኞ ለምን ተቀበልክ?» አልኩት።

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

ለጋሼ ደወለ። ጋሼ ቁጥር አይዋሽም አለ። ስልኩን ተቀብዬ፣ ማሽኑን አፕዴት አድርጎት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ደህና የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል አለኝ፣ በኩራት። ዘበኛም የለውማ! እኛ ዘበኛ ይዘን፣ እሱ በሩን ከፍቶ... ይሄ ውድድር ነው?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

አብቲ ጋሼን ጠርቶት ሽምግልናው ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ። ጋሼ ማሽኑን በባጃጅ አመጣ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ። ነጋዴው በር ላይ ይጠብቃል።

ያቀረብኩት ይሄ ነው፦ የማንም ዘመድ የሆነ መለኪያ አይግባ። ሁለቱም ዘበኛቸውን ይዘው፣ ሁለቱም የራሳችንን ሥራ ይሥሩ፤ የኤዶ ሂቦን ልጅ ሠርግ፣ የወንዶቹን ክፍል። ጋሼ አፕዴቱን ሲጭኑበት ጥርሱን የሚያስነቅል ይመስል ነበር።

ተጀመረ። ጋሼ ቀደመ። ግን አብቲ ሻዩን ሳይጨርስ የእኛም አለቀ። ይሄ ነው እጥፍ?

ጋሼ ሁለቱን ቪዲዮ አየ። መነጽሩን አወለቀ።

«ባቡር በባዶ ፉርጎ ቁልቁለት ላይ አይፈተንም» አለ። «ጭነህ ዳገት ላይ ነው። እኔ ይሄን ረሳሁ?»

ወደ በሩ ዞሮ ነጋዴውን «ወንድሜ፣ የሚሸጥ የለም» አለው።

አብቲ ላይ ይቅርታ የሚባል ፕሮግራም አልተጫነም። ማንጎ ገዛልኝ። በልቼ ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ጣለኝ፤ ከሰኞ ወዲህ ደህና አልተኛሁም ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ኤዶ ሂቦ ቪዲዮውን ልትወስድ ሱቅ መጣች። እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«የሴቶቹን ማን አየው?»

«እኔ ብቻ፣ ኤዶ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ። ያን ቀን ዘበኛውን ሳልመልስ ቀርቼ ቢሆን ዓይኗን እንዴት አያለሁ?

አሁን የሴቶቹን የምሠራው በሁለቱም ማሽን ነው። ይሄን የምጽፈው ጋሼ ቤት ሆኜ ነው፣ በራሱ ወንበር። የማሽኑን የይለፍ ቃል እኔ ነኝ የቀየርኩት፤ እሱ ራሱ አያውቀውም፣ ልንገርህ ስለው አልፈልግም አለ። ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ፍርፋሪና ስለ ዘበኛ ያስተምራል፣ ልክ ድሮ ምድር ባቡር እያለ እሱ የፈለሰፈው ይመስል። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ማክሰኞ ይሳሳታሉ፣ ቅዳሜ ይማራሉ፣ እሑድ መምህር ይሆናሉ። ጋሼ ደግሞ ሲያስተምር አፍንጫው...

ቆይ። ገጹ ላይ ጥላ ወደቀ። ማነው ከኋላዬ የሚተነ

«ኪንሲ! አፍንጫዬ ምን ሆነ?»