የቅዳሜው እንግዳዬ

እሑድ፣ ጥቅምት ፳

እስካሁን አልሄደም! እኩለ ቀን አልፏል፤ ደምሌ መደቤ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። በቅሎው ጓሮ የተከልኩትን ጎመን ትግጣለች። ሌሊት ከጉና በኩል ተኩስ ተሰምቶ ነበርና ጣልያን ጎህ ሳይቀድ የደብረ ታቦርን መውጫ ሁሉ ዘጋ። ገቢም ወጪም የለም ተባለ። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም።

ሁለት ባል አግብቼ ሁለቱንም ፈትቻለሁ። ሽማግሌ ፊት ቆሜ ድስትና ወንፊት ስካፈል አንጀቴ አሯል፤ ሦስተኛ አልፈልግም። ከይፋግ ጨው የሚያመላልሰው ደምሌ ለዚህ ነበር የተስማማኝ። ቅዳሜ ለገበያ ይመጣል፣ እኔ ዘንድ ያድራል፣ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ይሄዳል። እሱ የት ዋልሽ አይለኝም፣ እኔ መቼ ትመጣለህ አልለውም። ጢሙን ተላጭቶ፣ ጨዋታ ይዞ ይመጣል፤ ኩርፊያውንና እድፉን ይፋግ ይተወዋል። ከባል ማሩን ብቻ ቆርጬ ወሰድኩ ብዬ እኩራራ ነበር። ዛሬ ሰፈፉም መጣ።

ጠዋት ተነሥቶ መልሶ እስኪተኛ የሠራው ሥራ፦ የውኃ ማድጋዬን ቦታ ቀየረ፤ ተደናቅፌ ጣቴን ተመታሁ። ወጡ በርበሬ በዛበት አለ። ሲጢጥ የሚለውን የበሩን ማጠፊያ ጠገነ። ማን ለመነው? «ይህ በር እንኳን ሌባ ነፋስ አይመልስም» ይለኛል። ያለ እሱ ስንት ዘመን ሌባ የመለሰ በር ነው!

ከሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። ነገ ማርያም ናት፤ የማኅበሩ ተረኛ ደግሞ እኔ። ጠላው ተጠንስሷል፣ ሴቶቹም የነፍስ አባቴ መምሬ አድማሱም ይመጣሉ። ውሽማ ያላት ከጽዋው ትባረራለች። እናቴ የጠጣችበት ጽዋ ነው፤ ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ብሞት የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳፩

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ደምሌን ጓዳ አስገብቼ፣ ዳቦና ጠላ ሰጥቼ፣ ትንፍሽ እንዳትል አልኩት። በማርያም ማለልኝ። ሴቶቹ መጥተው ተቀመጡ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ለጸሎት ቆሙ፤ ቆሙና ዝም አሉ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ማለት ነበረበት፤ ዲያቆኑ ግን ከኬላው ወዲያ ቀርቷል። መምሬ በልማድ ይጠብቃሉ። እኛም እንጠብቃለን። ይሄኔ ከጓዳዬ፣ በዜማ፣ ጣራ በሚያነቃንቅ የወንድ ድምፅ፦ «ተንሥኡ ለጸሎት!»

ሁላችንም ብድግ አልን። እኔም ጭምር! ከቆምን በኋላ ነው የተያየነው።

ደምሌ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ድቁናው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ አፉ ግን አልረሳም። ዝምታውን ሲሰማ ሳያስበው አመለጠው።

«ማርያምን! ጓዳሽ መቀደስ ጀመረ እንዴ?» አሉ የማኅበራችን ታላቅ ወይዘሮ ብርቄ።

«በይ ልጄ፣ ዲያቆኑን አውጪልን እንጂ» አሉ መምሬ። ደምሌ ወጣ። ጢሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረበት። «ምንሽ ነው?» አሉኝ መምሬ።

«መንገድ ተዘግቶበት ያሳደርኩት የእግዜር እንግዳ ነው አባቴ። ስሙንም በወጉ አላውቀው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መምሬ አየት አደረጉኝና «ዶሮ አልጮኸም?» አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ደምሌ አልሳቀም። «አዎን አባቴ፣ እንግዳ ነኝ» ብሎ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

ማኅበሩ በሰላም ተጠጣ። አልተባረርኩም። ወይዘሮ ብርቄ ግን ሲወጡ ጆሮዬ ሥር «በርሽ ዛሬ ሲጢጥ አላለም። እንግዳ ደግሞ በር አይጠግንም» አሉኝ።

ማክሰኞ

ኬላው ተከፈተ። በቅሎውን ጫነ። ቁርስ አልበላም።

«ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«እንግዳ በምን አንጀቱ ይቀየማል፣ እሜቴ?» አለኝ።

እሜቴ! እኔን! አልጋዬ ላይ የሚያድር ሰው! ይሂድ። ማድጋዬን ወደ ቦታዋ መለስኩ። እንደ ልቤ ተንጋልዬ አድራለሁ።

ረቡዕ

ደስ ብሎኛል። ስፈትል ዋልኩ። ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ፤ ጥጡ መናኛ ነው። በሩም ድምፅ አልባ ሆኖ ሰው ይግባ አይግባ አይታወቅም፤ ደጋግሜ ዞሬ አየሁ። የማንንም መምጣት እየጠበቅኩ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳፮

አልመጣም።

ጨው ሞልቶኝ ጨው ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ወደ ቤት ተመልሼ ደግሞ ወጣሁ። የይፋግ ነጋዴዎች ሁሉ አሉ። አንዱን እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። «ደምሌ? ደኅና ነው። ከእንግዲህ ወደ ሐሙሲት ገበያ ልዙር ብሏል» አለኝ።

ሐሙሲት! ምን አለና ሐሙሲት?

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው፣ ግን ከንዴት ብቻ አይደለም። ወድጄዋለሁ። ማንኮራፋቱ ያንገበግበኛል፣ በርበሬዬን መንቀፉ ያንጨረጭረኛል፣ ወድጄዋለሁ። አባቴ መሪጌታው ፊደል ያስተማሩኝ ይህን እንድጽፍበት ከሆነ እነሆ ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳፰

ደምሌን ፍለጋ ይፋግ ለመውረድ ከጣልያን ሹም የይለፍ ወረቀት ያሻል። ሄጄ ተሰለፍኩ። ዕድሌ ሆኖ ከኋላዬ የቆሙት ወይዘሮ ብርቄ ናቸው።

አስተርጓሚው ቀና ሳይል «ለሴት ያለ ዘመድ ጉዳይ አይፈቀድም። ይፋግ ማን አለሽ?» አለኝ።

እንግዳዬ አለ አይባል። ውሽማዬ ብል ጽዋዬን ማጣቴ ነው። ባሌ ብል በማርያም ቀን ለነፍስ አባቴ መዋሸቴን በምስክር ፊት ማመኔ ነው። የወይዘሮ ብርቄ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

«ባሌ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው፤ ዘበኛው ሁሉ ዞረ።

«የሰማንያ ነው የቁርባን?»

«የጭቅጭቅ ብለህ ጻፍ!»

ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይሳቁ ይቆጡ አላየሁም፤ ዞሬ ለማየትም አልደፈርኩም። ማኅተሙ ተመታ።

ነገ ጠዋት ከነጋዴዎቹ ጋር እወርዳለሁ። ለጣልያን ባሌ ነው ብያለሁ፣ ለወይዘሮ ብርቄም ብያለሁ፤ ከነገ ወዲያ መላው ደብረ ታቦር ይሰማል። ለደምሌ ግን ገና አልነገርኩትም።