ባለቤቴን ከተረጂነት ስለማሰረዝ

ለማኅበራት ምዝገባና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ረቡዕ፣ የክለቡ የቅዳሜ ስብሰባ ሦስት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ የሠፈራችን የአገልግሎት ክለብ ተረጂ መሆኑ ቀርቶ ወደ አባልነቱ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሌሎችን ስሕተት ስለቅም ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሠፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ያየው ሰው የለም። በሠርጋችን ፎቶግራፍ ላይ እንኳ ጫፉ ከከረቫቱ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል።

2. ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው «እርዳታ አላገኘሁም» ብሎ እንደሚመጣ እገምታለሁ። የእኔ አቤቱታ የተገላቢጦሽ ነው። ተረድተናል፤ አልቻልነውም።

3. ክለቡ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በሠፈሩ አዳራሽ ይሰበሰባል። ደወል ይመታል፤ የአባላት ስም ይጠራል፤ ያለፈው ቅዳሜ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ይያዝና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ክርክር ይቆያል። ከዚያ አንድ እንግዳ ስለ ጥርስ አጠባበቅ ወይም ስለ ንብ እርባታ ንግግር ያደርጋል። ሻይ ይጠጣል። በመጨረሻ ሁሉም ሰማያዊ ሰደርያውን ለብሶ ወደ ሳምንቱ ሥራ ይወጣል፦ ቦይ መጥረግ፣ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር መጠገን፣ አቅመ ደካማ መጠየቅ። ይህን የምዘረዝረው ላሾፍበት አይደለም። ጥሩ ክለብ ነው። ሰደርያዎቹን በሙሉ የሰፋውም ባለቤቴ ነው። የሊቀመንበሩን በሆዱ በኩል ሁለት ጊዜ አስፍቶታል፤ ይህንንም የጻፍኩት እሳቸውን ለማሳጣት ሳይሆን ለባለቤቴ አገልግሎት ማስረጃ ይሆን ዘንድ ነው።

4. ባለቤቴ አንድ ዝናባማ ማለዳ ለስብሰባው የተኮሳቸውን ሰደርያዎች በክንዱ ተሸክሞ ሲወጣ ከቤታችን ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሙ ሁለተኛ ጊዜ ከወደቀ መነሳቱን እንደማያረጋግጥልን በግልጽ ነገረን። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የክለቡ አባላት ማንንም ሳያማክሩ መጥተው ለደረጃችን የእንጨት መደገፊያ ተከሉለት። ሥራው ጥሩ ነው። እንከን ባገኝበት ዛሬ ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁ። ከሆስፒታል የወጣ ቀን ከደረጃው ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡለት። እሱም መደገፊያውን ይዞ እያለቀሰ ወጣ። እኔም አለቀስኩ። ይህ ይመዝገብልን፤ ውለታ ቢሶች አይደለንም።

5. በከዘራ መራመድ በጀመረ በመጀመሪያው ቅዳሜ ተላጭቶ፣ ሰደርያውን ለብሶ፣ በእኔ ተደግፎ ወደ አዳራሹ ሄደ። ደወል ተመታ። ስም ተጠራ። የእሱ ተራ ደርሶ ታለፈ። የረሱት መስሎት እንደ ተማሪ ጣቱን አወጣና «እኔስ?» አለ። ሊቀመንበሩ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤትና ከልባቸው ደግ የሆኑ ሰው ናቸው፣ ከመድረክ ወርደው ትከሻውን አቀፉትና «ጋሼ፣ እርስዎ ከእንግዲህ አይድከሙ። ወደ እኛ አይመጡም፤ እኛ ነን ወደ እርስዎ የምንመጣው» አሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ባለቤቴም አብሮ አጨበጨበ፤ ነገሩ የገባው ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ ሊቀመንበሩ ባለቤቴን በዕድሜ ይበልጡታል፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስም «አንተ» ነበር የሚባባሉት። ሰው ሲረዱት ቶሎ ያረጃል መሰለኝ።

6. ለምን እንደሆነ ስጠይቅ የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ ተነበበልኝ፦ «ከክለቡ አገልግሎት የተቀበለ ሰው ተረጂ ይባላል፤ ተረጂ አባል ሊሆን፣ ድምፅ ሊሰጥ ወይም በሥራ ሊሳተፍ አይችልም።» አንቀጹ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከዓመታት በፊት አንድ የክለቡ ባለሥልጣን አባላቱን እየጠራ የገዛ አጥሩን ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብቶ ነበር። ሰውዬው ዛሬም አባል ነው፤ አንቀጹ ወደ ኋላ አይሠራም። የሚሠራው ወደ እኛ ነው።

7. ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከስብሰባ በኋላ ይመጣሉ። ቤታችን ለአዳራሹ ቅርብ ስለሆነና በረንዳችን ጥሩ ብርሃን ስላለው «የሳምንቱ ጉብኝት» ከእኛ ቤት አልፎ አያውቅም። ብርቱካን ያመጣሉ። ባለቤቴን ብርቱካን ጨጓራውን ያቃጥለዋል፤ የምበላው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩ በትክክል ከተያዘ ተረጂዋ እኔ ነኝ። ብርድ ልብስም አምጥተዋል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ጉልበቱ ላይ ያነጥፉለትና ፎቶ ያነሱታል፤ ያለ ብርድ ልብስ እርዳታው አይታይም ተብለናል። «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። አይ፣ እንደሱ አይሳቁ። ይሳቁ፣ ግን በመጠኑ።» እኔ ሚስቱ ስሆን የሳቁን መጠን ወስኜለት አላውቅም።

8. አንድ ቅዳሜ፣ መደገፊያውን በእጁ የተከለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን ሲያስተካክል የሰደርያው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ባለቤቴ አየ። መርፌ ከኮሌታው አይጠፋም። «ና እስቲ ጠጋ በል፤ ይሄ ቁልፍ ሊከዳህ ነው» አለው። ልጁም ደስ ብሎት ተጠጋ። የክለቡ ጸሐፊ፣ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፣ በታላቅ ትሕትና ጣልቃ ገባች፦ «ጋሼ በጣም ይቅርታ፤ ተረጂ ለአባል አገልግሎት መስጠቱ በደንባችን አልተመለከተም።» ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ኧረ ቁልፍ እኮ ነው!» አለ። «ዛሬ ቁልፍ ነው» አለችው። ባለቤቴ መርፌውን ወደ ኮሌታው መለሰ። ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰደርያውን በመርፌ ቁልፍ አያይዞ መጣ፤ ጉብኝቱ እስኪያልቅም የባለቤቴን ዓይን ሸሸ።

9. ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ክቡርነትዎን ባላደከምኩ። ባለቤቴ በተኛበት የሆስፒታል ክፍል በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ አልነበረም። ከጎኑ የተኛ አንድ ሽማግሌ ነርሶች ገላውን ሲያጥቡት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር፤ ሌላ የሚያዞርበት አልነበረውም። ባለቤቴ መውረድ ባይችልም ሜትሩን ለነርሷ ሰጥቶ፣ ከአልጋው ሆኖ «ወደ ግራ፣ አሁን ጨብጪው፣ ስንት ይላል?» እያለ ክፍሉን አስለካ። ሊጠይቁት ለመጡት አባላትም «ጨርቁን እናንተ አምጡ፣ ስፌቱ የእኔ ነው» አላቸው። ለሽማግሌውም ቃል ገባለት። ክለቡ ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀበለ። ጨርቁ ተገዝቷል፤ የፊታችን ቅዳሜ በአዳራሹ ይሰፋል። ባለቤቴም ተጋብዟል፦ ተረጂዎችን ወክሎ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ በመጨረሻም ተነስቶ ያመሰግናል። መርፌ አይዝም። በተውሶ የስፌት መኪና የሚሰፉት መድኃኒት ቤቱ፣ ኢንሹራንሱና ኤሌክትሪኩ ናቸው። ሽማግሌው ዛሬም እዚያው ተኝቷል።

10. ባለፈው ሰኞ ጸሐፊዋን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ «ልጄ፣ አንድ ሰው ከተረጂነት የሚወጣው በምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ደንቡን ገልጣ ብዙ ካየች በኋላ «የተሰጠው እርዳታ ሲመለስ ነው የሚል አለ። ግን እትዬ፣ የተተከለ ነገር እንዴት ይመለሳል?» ብላ ሳቀች። ደግ ሳቅ ነው። እኔም ስቄ ወጣሁ፤ ምሳ ላይም እንደ ቀልድ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «ካቻቪቴው የት ነው ያለው?» አለኝ።

11. ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንዱን ብሎን ሲፈታ ወደሚቀጥለው በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ መደገፊያውን ነቀለው። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ነገ በምን ልትወርድ ነው?» አልኩት። «በአንቺ» አለኝ። በትዳር ዘመኔ እንዲህ ያለ ሹመት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ደመወዝ የለውም፤ ወገብ ይፈልጋል።

12. መደገፊያውን ጫፍና ጫፉን ይዘን ወደ ሊቀመንበሩ መድኃኒት ቤት ወሰድነው። ወረፋ ያዝን። የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣ ሰው «ይሄ ደግሞ ለምን በሽታ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ባለቤቴም «ለእርዳታ» ብሎ መለሰለት። ተራችን ሲደርስ ሊቀመንበሩ ደነገጡ። «ጋሼ፣ ምን አስቀየምንዎት? ወስደው ይትከሉት እንጂ፤ ሊወድቁ ነው እኮ!» አሉ። ባለቤቴ «እንግዲያው ስሜን ጥራ» አላቸው። ሊቀመንበሩም ከተረጂ ንብረት መረከብ በደንቡ ያልተመለከተ መሆኑንና ጉዳዩ ለቅዳሜው ስብሰባ እንደሚቀርብ ነገሩን። በስብሰባው ባለቤቴ ድምፅ የለውም። መደገፊያውን ይዘን ተመለስን።

13. አንድ ነገር ይቀረኛል። ለማመልከቻ የሚመጥን አልመሰለኝም ነበር፤ ያለ እሱ ግን የቀረው ሁሉ ስለ እንጨትና ስለ ብርቱካን ይሆናል። ክለቡ ሰደርያውን ለአዲስ አባል እንድንመልስ በቃል ጠይቆናል። ባለቤቴ «ታጥቦ ይመለሳል» አላቸው። እስካሁን እየታጠበ ነው። በቅርብ ጊዜዎቹ ፎቶግራፎች ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ስቦ ይታያል። አባላቱም «አሁን ለመዱት፣ ተመስገን!» ብለው ተደስተዋል። አልለመደውም። ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደርያውን ለብሷል። ቅዳሜ ጠዋት መኝታ ቤት ገብቶ ይለብሰዋል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ከፍራሹ ሥር ያስገባዋል። አልጋውን የማነጥፈው እኔ መሆኔን የረሳ ይመስለኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣

ሀ) ባለቤቴ እርዳታውን ሊመልስ መሞከሩ ታውቆ ከተረጂነት እንዲሰረዝና ስሙ በቅዳሜው ጥሪ በቀድሞ ቦታው እንዲጠራ፤

ለ) ይህ ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለቅዳሜው ብቻ በፈለጉት ማዕረግ፣ በእንግድነትም በታዛቢነትም ቢሆን፣ ከስፌት መኪና ፊት እንዲቀመጥ፤

ሐ) አንቀጽ ዘጠኝ በምንም መንገድ የማይነካ ከሆነ ደግሞ ቢሮዎ መደገፊያውን ተረክቦ በራሱ ስም መልሶ እንዲተክልልን። የክቡርነትዎ ተረጂ ለመሆን ፈቃደኞች ነን፤ የቢሮዎ አባል ልሁን የሚል ከቤታችን አይወጣም፤

መ) ሊቀመንበሩ ባለቤቴን እንደ ቀድሞው «አንተ» እንዲሉት

ትእዛዝ እንዲሰጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ከቅዳሜ በኋላ የሚደርስ መልስ መጋረጃ አይሰፋም። በዚህ መካከልም ደረጃችን ያለ መደገፊያ ነው፤ ባለቤቴም ስሙ ሳይጠራ አላስተክልም ብሏል። ግትር ነው። ሳገባውም አውቀው ነበር።

አንድ እጄ ለፊርማው፣ ሌላው ለባለቤቴ ክንድ የተያዘ በመሆኑ በዚሁ አበቃለሁ፤ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።

አመልካች፦ የጋሽ ሜትር ሚስት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአገልግሎት ክለቡ፣ በቅዳሜው ስብሰባ እንዲነበብ

አባሪ፦
አንድ የእንጨት መደገፊያ ከነብሎኖቹ። ከቢሮዎ መግቢያ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የጥበቃ ሠራተኛው ሰው እንዳያደናቅፍ እንዲያዩልን ነግረናቸዋል።

ማሳሰቢያ፦
በተራ ቁጥር 13 የተጠቀሰውን ሰደርያ በአባሪነት ማቅረብ አልተቻለም። ባለቤቴ ዛሬ ከላይ ለብሶት መጥቶ በር ላይ ቆሟል።