«ያደግነው እንዲህ ነው»

አሲያዬ፣

ካርዱ ላይ ያለው የአንኮበር ተራራ እንዳያታልልሽ፤ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ዛሬ ከአልዩ አምባ በሚያወጣው ዳገት ላይ ማሽላ የተጫነች አህያ ስትወጣ ደክሟት ወደቀች። ባለቤቷ ጭነቱን እንደማውረድ የተላጠ ጀርባዋን በዱላ ይደበድብ ጀመር። «ኧረ ተዋት፣ ግፍ ነው!» ብዬ ብጮህ፣ «እህቴ፣ አንቺ የከተማ ሰው ነሽ። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው» አለኝ።

አጠገባችን አረፍ ያሉ እማማ ፈሂማ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ቱግ አሉ። «አላህን ፍራ! እኔስ እዚሁ አይደል ያደግሁት? አባቴ አህያው ሲደክመው ጭነቱን ተካፍሎ ይሸከም ነበር። ጭካኔህን በአባቶቻችን አታሳብብ!»

ሰውዬው ዱላውን ጣለ። ሦስት ሆነን ጭነቱን አወረድን፤ ግማሹን ራሱ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ።

እኛስ፣ አሲያ? አዳማ ላይ የጋሪ ፈረስ በአለንጋ ሲተለተል፣ «የለመደ ነው» እያልን ስንት ጊዜ ተሳፍረናል! የሚያናድደኝ ይኼም ጭምር ነው።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ባለጋሪውን ጎረቤታችንን ጋሽ ዓወልንም ሰላም በይልኝ፤ ስመለስ ግን አለንጋውን እንደምቀማው ከአሁኑ ንገሪው።

ማኅደረማርያም