ልጅ ይዞ መግባት የተከለከለበት የእናቶች ማረፊያ

ለተከበሩ የዕቅድ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ዕቅድ አፈጻጸምዎ ዘወትር ከመቶ በመቶ በላይ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን በአደባባይ የምጽፈው በጸሐፊዎ በኩል የምልከው ሁሉ የሥራዎን ብዛት እያየ ደጅ ስለሚቀር መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲቃረብ መጥተው እንዲቆዩበት ከጤና ጣቢያው አጠገብ ያሠሩትን ማረፊያ እንድገመግም ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ስሄድ አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ታጥቧል፤ ሰው ግን የለም። ምክንያቱን የነገረችኝ እዚያው ሰፈር የምትኖር ነፍሰ ጡር ልብስ ሰፊ ናት። ትንሿ ልጇ ከስፌት መኪናው ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጫወት ነበር። «ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብለው በሩ ላይ ለጥፈዋል። እሷን ለማን ጥዬ ልተኛ ወንድሜ? ብነግርህስ ምን ሊለወጥ?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ቃልሽ እስከ ላይ ድረስ ይደርሳል» አልኳት።

ቅሬታዎቼን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ግምገማው ሳያልቅ ተመሳሳይ ማረፊያዎች በየቦታው እንዲሠሩ መፈረምዎን አደንቃለሁ። መልሱን ሳይጠብቅ የሚጠይቅ ኃላፊ ጊዜ አይባክንበትም።

፪. የግምገማው ውጤት በቀረበበት ጉባኤ ላይ ሪፖርቴን ከፍ አድርገው ለካሜራ ስላሳዩልኝ አመሰግናለሁ፤ ሽፋኑ በእርግጥም ያምራል። ገለጥ ቢያደርጉት ኖሮ፣ ሕፃናትን ማስገባት ግድግዳ እንደማያስፈርስ ያነቡ ነበር።

፫. ይህኛው እርስዎን አይመለከትም። አማካሪዎ «ማጠቃለያው ትንሽ ቢለሰልስ» ሲሉኝ፣ «እናቶች ልጆቻቸውን ጥለው መግባት ስለማይችሉ ቤቱ ባዶ ነው» የሚለውን ሰርዤ «አንዳንድ ተጠቃሚዎች ተጨማሪ ምቾት ይሻሉ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄን ማንም አልጠመዘዘኝም። ጉባኤው ላይ የተነበበውም ይኸው ማጠቃለያ ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ምጥ የያዛት ቤቷ ነው። ጎረቤቶቿ ታክሲ ለምነው ሲወስዷት መንገድ ላይ ወለደች። እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

ልጠይቃት ስሄድ እኔኑ ታጽናናኝ ጀመር። «አንተ ምን ታደርግ? ያልኩህን ጽፈሃል። ጥፋቱ የማይሰማ ጆሮ ነው» አለችኝ። ከእርግማን ይልቅ ይህ ከበደኝ። አንገቴን ደፍቼ የሰረዝኩትን ነገርኳት። «እንዳልኩህ አልጻፍክማ» አለች። ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

ስለዚህ የሰረዝኩትን እዚህ መልሼ ጽፌዋለሁ፤ ሌላ ቀን ተመልሼ የእሷንም ፈቃድ አግኝቼ ነው። ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን የክልከላ ማስታወቂያ ከበሩ ላይ ያስነሡ።

በክቡርነትዎ ፊት እጅ እየነሣሁ፣ በእሷ ፊት ግን ቀና ማለት ያቃተኝ፣
ለስላሳው ገምጋሚዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው ዓመት ግምገማም እኔኑ እንደመረጡ ሰምቻለሁ፤ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ! ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ከሆነ ግን እባክዎ አስቀድመው ይላኩልኝ፤ ሴቶቹን ሥራ አስፈትቼ ዳግመኛ እንዳልዋሻቸው።