ከመጋረጃው ጀርባ የወጣሁበት ምክንያት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ያስቸገረዎት ዓይንዎስ? አሁንም መርፌው ውስጥ ክር የሚያስገባልዎት ሰው እየጠሩ ነው ወይስ መነጽሩን እሺ ብለው አደረጉ? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ብርዱ እግሬን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለኝም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ቁጣዎም አብሮ ደርሶኛል። ታላቁን የልብስ ስፌት ቤት ለቅቄ መውጣቴን ከአክስቴ ልጅ ሰምተው «ጠግበሽ ነው፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ብለው ጽፈውልኛል። ተረቱ እውነት ነው፣ አባቴ። ነገር ግን ገመዱ ከምን ላይ ታስሮ እንደነበረ አልነገርኩዎትምና ዛሬ ልንገርዎት።

አራት ዓመት ሙሉ ዋሽቼዎታለሁ። «ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ልክ እወስዳለሁ» እያልኩ የጻፍኩልዎት ሁሉ ውሸት ነው። ሱቁ ውስጥ ቆሜ የሚያሳየው፣ ሳሎን የሰቀሉት ፎቶግራፍም ሱቁ ዝግ በሆነበት ቀን፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በር ከፍታልኝ የተነሳሁት ነው። የእኔ ቦታ ከወፍራም ቡናማ መጋረጃ ጀርባ ነበር። በገባሁ ቀን ባለቤቱ ሥራዬን አገላብጦ አየና «እጅሽ ወርቅ ነው፤ ግን ደንበኞቻችን ጥቁር ሲነካቸው ደስ አይላቸውም፤ በክፉ አትዪው» አለኝ። በሰው አገር ምን ምላስ አለኝ ብዬ ዋጥኩት። ለእናንተ መጻፉ ግን አሳፈረኝ። ማፈር የነበረበት እሱ ሆኖ ሳለ እኔ አፈርኩ፤ አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ፊት ለፊት ቆሞ ልክ የሚወስድ ሌላ ሰው ነበር። ሜትሩን እንደ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚውል በልቤ «ጀግናው» እለዋለሁ። እሱ ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ያቀብለኛል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ምስጋናውን እሱ ይቀበላል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ተሳስታ መጋረጃውን ብትገልጥ አየችኝ። የሰፋሁላትን ካፖርት «ይታጠብልኝ» አለች። ታጠበላት። ያጠብኩትም እኔ ነኝ።

እንዲያም ሆኖ እርስዎ ያስተማሩኝን አልተውኩም። «ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፤ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ተዪለት» ይሉኝ አልነበር? እዚህ ትርፉን ከስፌቱ ሥር ድረስ ቆርጠው ይጥሉታል። ባለቤቱ የእኔን ኮት ገልብጦ ባየ ቁጥር «የድሃ አገር ልማድ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ ብዬ ሁለት ጣቴን መተው ቀጠልኩ።

ባለፈው መስከረም አንድ የሙዚቃ ጓድ ሠላሳ ኮት አሰፋ። ትርኢታቸው ሦስት ቀን ሲቀረው ለብሰው ሊሞክሩ መጡ። ቆመው ሲያዩት አምሮባቸዋል። ቫዮሊኑን አንስተው ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ ግን ጀርባው ጠፍንጎ ያዛቸው። ለካ ጀግናው ልካቸውን የወሰደው እጃቸውን አንጠልጥለው ቆመው ነው። ሲሠሩ ክንዳቸው እንዴት እንደሚሆን አልጠየቃቸውም። ከሠላሳው አሥራ ስምንቱን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፤ የእኔዎቹ ትርፍ ስላላቸው ስፌታቸው ተፈትቶ ወርዳቸው ሊጨመር ይችላል፤ ሌሎቹ ሰፊዎች የሠሯቸው አሥራ ሁለቱ ግን ትርፍ ስለሌላቸው ከአዲስ ጨርቅ እንደገና መቆረጥ አለባቸው። ባለቤቱ ፊቱ አመድ መስሎ መጋረጃውን ገልጦ ገባና ለመነኝ። እሠራዋለሁ፣ ግን ሰዎቹን ራሴ እለካለሁ አልኩት። አማራጭ አልነበረውም።

ወጣሁ፣ አባቴ። መሣሪያችሁን ያዙና እንደምትጫወቱ ሁኑልኝ አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ እጄ ሲነካው ትከሻውን ሸሸት አደረገ። ምላሴ አልተያዘም፤ «እጄ ከቀፈፈዎት ኮቱንም ያውልቁት፤ የሰፋው ይኸው እጅ ነው» አልኩት። ሽማግሌው ትንሽ አየኝና ክንዱን አነሳ።

ሠላሳውም ለትርኢቱ ደረሱ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ባለቤቱ አመስግኖኝ ሲያበቃ «በይ እንግዲህ ወደ ቦታሽ» አለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ አዲስ መብራትና ባለ ትራስ ወንበር አስገብቶልኛል። እሱ ውለታ መዋሉ ነው። ወንበሩ ለጀግናው ይሁን፣ ቆሞ ሲውል ደክሞታል አልኩትና ሽርጤን አጥፌ ወጣሁ። ጥጋብ ያሉት ይህን ነው። እንግዲህ ጥጋብ ከሆነ ጠግቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። የሚከራይ ቤት የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ እያየሁ «ተይዟል» ተብዬ የተመለስኩበት ደጅ ብዙ ነው። በመጨረሻ የአንድ ጫማ ሠሪ ሚስት የነበረች ባልቴት የሟች ባሏን ሱቅ አከራየችኝ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ትከሻውን የሸሸው ሽማግሌ። ስለወደደኝ አይደለም፤ ኮቱ ስላልጠበበው ነው። ይበቃኛል። እንዲወዱኝ አልፈልግም፤ ልክ ስወስድ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ እንጂ። ዛሬ ሦስት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ፤ የሁለት ወር ሥራ ተደርድሮ ይጠብቀናል። መጋረጃ ግን በቤቴ የለም፤ ልብስ መለኪያዋ ጥግ እንኳ በር ነው ያላት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ዋሽታለች ብላ እንዳታለቅስ ቀስ አድርገው ያንብቡላት። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱና ከነልጆቹ፣ ትንሿን እህቴን፣ ወሬ ያቀበለችዎትን የአክስቴን ልጅም ጭምር ሰላም ይበሉልኝ፤ የእሷ ምላስ ባይኖር ይህን ደብዳቤ መቼ እጽፈው ነበር?

ከእንግዲህ ደብዳቤ ሲልኩ በቀድሞው አሠሪዬ በኩል አይደለም። ለበሩ ጽሑፍ የሠራልኝ ሰው «የዚህ አገር ስም አውጪ፣ ያንቺን ሲያዩ ከሩቅ ይመለሳሉ» ብሎ መክሮኝ ነበር። እኔ ስሜን ከነአባቴ በትልቁ አስጻፍኩት። ፖስታው ላይም እንደዚያው አሟልተው ይጻፉልኝ። ፖስተኛው ስምዎን ለመጥራት ምላሱ ይተሳሰራል፤ ግድ የለም፣ ይለምደዋል። እኔ የእነሱን ለምጄ የለም?

አክባሪ ልጅዎ
ከራሴ ስፌት ቤት፣ እሁድ ጥር 17 ቀን