በሕይወት መኖሬ እስኪጸድቅልኝ

ለክልሎች የድጋፍ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች ማጽደቂያና ክትትል የፌዴራል መምሪያ
አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ማኅተሙን የሚይዙት ጸሐፊዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እዚህ ጅቡቲ ነሐሴ እሳት ነው፤ እርስዎ ግን ይህን ደብዳቤ በአዲስ አበባ ክረምት፣ ጋቢዎን ደርበው፣ ተመቻችተው እንዲያነቡት እመኛለሁ። እኔ ከስኳር በሽታዬ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ማለቴ መዝገብዎን እንደ መድፈር እንዳይቆጠርብኝ እሰጋለሁ፤ በመዝገብዎ ከግንቦት ወር ጀምሮ ሞቻለሁና።

ዘቢደር እባላለሁ። አገር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ለሕፃናት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁና፣ ጅቡቲ ተወልዶ ወደቡ ላይ በትራንዚት ጸሐፊነት ወዳረጀው ባለቤቴ ወደ ጸሐዬ መጥቼ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር እኖራለሁ። ክልላችን ለጡረተኛ መምህራኑ የመድኃኒት ድጋፍ ይሰጣል፤ ኢንሱሊኔ የሚገዛው በዚያ ነው፤ የባለቤቴ ገቢ ከቤት ኪራይና ከመብራት አያልፍም። አምና ክልሉ «አለሁ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ አሠራ። ተጠቃሚው በየሦስት ወሩ ፊቱን ለስልኩ ያሳያል፣ ስልኩም መኖሩን ይመሰክርለታል። ስሰማ በደስታ አጨበጨብኩ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ይጸድቅ ዘንድ ወደ እርስዎ ዘንድ መጣ፤ አቤቱታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ መምሪያዎ ፕሮጀክቱን ለሁለት ከፍሎ መመርመሩን ሰምቼ ጥንቃቄዎን አድንቄያለሁ። በዘጠና ቀን ውስጥ ፊቱን ያላሳየውን ሟች ብሎ የሚሰርዘው ክፍል በአሥር ቀን ጸደቀ። ፊት የሚታይበት ክፍል ግን ተጨማሪ ግምገማ ያስፈልገዋል ተብሎ ይኸው እስከ ዛሬ ጠረጴዛዎ ላይ አለ፤ ፊቴን የማሳይበት ሳይኖር ዘጠናው ቀን ሞላና በግንቦት ሟች ተባልኩ። እኔ በማስተምርበት ዘመን ስም ሳይጠራ ክፍሉን በሙሉ ቀሪ ብሎ የሚመዘግብ መምህር ቢኖር ኖሮ በማግስቱ ከሥራው ይሰናበት ነበር። እናንተ ጋ ግን ይህ ቁጥጥር ይባላል አሉ፤ ዘመኑ ተሻሽሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ በሐምሌ ወር የክትትል ቡድን ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ገብረኪዳን የሚባሉ እጅግ ጨዋ ሰው ሦስት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው፣ ሁሉም ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው ለብሰው፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ቤቴ ገቡ። የእኔ ነገር፣ ሆዴ አልችል ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ በሎሚ አጠጣኋቸው፣ አንደኛውንማ በካርቶን አራገብኩለት። መታወቂያዬን አዩ፣ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። ሪፖርቱ ሲወጣ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ከአቶ ገብረኪዳን ጎን ቆሜ ጥርሴን እንደ ገለጥኩ እታያለሁ፤ ከሥሩም ቡድኑ ከተጠቃሚዎች ጋር ሲወያይ የሚል ተጽፎበታል። ገጽ አሥራ ስምንት ላይ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ በሕይወት ያለ ተጠቃሚ አለመገኘቱ በሠንጠረዥ ተረጋግጧል። ፎቶግራፉ ለቡድኑ አበል ማስረጃ ሆኖ ማለፉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ለአንዳችን እንኳ መጥቀሙ አንድ ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ የቅሬታ ማቅረቢያው ላይ ቁጥሬን ሳስገባ ባለመብቷ በሕይወት የሉም፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን እንመኛለን ይለኛል። መልእክታችሁን ለባለቤቴ አድርሻለሁ።

አራተኛ፦ ይህኛው የቤቴ ጉዳይ ነው፣ ይቅርታዎን። ክልላችን ቢሮ ውስጥ ትግስት የምትባል ደግ ልጅ አለች፤ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ከእኔ ብሳ ታዝናለች። ባለፈው ሳምንት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ መላ ነገረችኝ፦ የሟች የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ የሚስተናገደው በጸደቀው ክፍል ስለሆነ፣ ባለቤቴ መሞቴን በፊርማው ቢያረጋግጥ ድጋፉ በሦስት ቀን በእሱ ስም ይለቀቃል። እኔ ፈርም አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ከወረቀት ጋር ግብግብ አንግጠም፣ መድኃኒቱ በማንም ስም ይምጣ ብዬ ለመንኩት። ጸሐዬ ፎርሙን አራት ቦታ ቀደደው፤ በቁርባን ያገባኋትን ሴት በፎርም አልቀብርም ብሎ ምሳውን ሳይበላ ወጣ። ክቡርነትዎ፣ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር፣ ግማሹንም በባቡር እየተመላለስን፣ ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ወጥቶ አያውቅም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ያሰማኝ መሥሪያ ቤትዎ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

ከግንቦት ወዲህ መድኃኒት የገዛሁት የጆሮ ጌጤንና የአንገቴን ሐብል ሸጬ ነው፤ ከእንግዲህ የሚሸጥ የለኝም። ያለኝን ኢንሱሊን መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይበላሽ ጎረቤቴ ማይሙና ጄኔሬተር ካለው ሱቋ፣ ከለስላሳው ጠርሙስ መሐል ታስቀምጥልኛለች። እሷ ሶማሌ ናት፤ የኛን አገር አሠራር ላስረዳት ሞክሬ ደከመኝ። ከናንተ አገር ጫት በየቀኑ ቀትር ላይ ሳይዛነፍ ይደርሳል፣ የአንቺ ደብዳቤ በምን ቢጫን ነው የሚዘገየው ብላ ትጠይቀኛለች። አገሬን ላለማሳማት ጫት የሚጸድቅ ሁለተኛ ክፍል የለውም ብዬ መልሻለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊት የሚታይበትን ሁለተኛውን ክፍል ያጽድቁልኝ። ያ የማይቻል ከሆነ በጸደቀው ክፍል የተሰረዘውን ስሜን በእጅዎ ይመልሱልኝ፤ ፊቴ እንደሆነ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አለ።

ዕድሜና ጤና፣ ከዚያም በላይ ሹመት እንዲጨምርልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

በመዝገብዎ ነፍሰ ኄር፣ በካርቲየ 5 ግን ወይዘሮ ዘቢደር
ጅቡቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማይሙና ጋ የቀረው ኢንሱሊን ለአሥራ ሁለት ቀን ይበቃኛል። መምሪያዎ ግምገማውን ለመጨረስ የጠየቀው ጊዜ አርባ አምስት ቀን ነው። ከአርባ አምስት አሥራ ሁለት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር እርስዎ ያስሉት። ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ስሰጠው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሳተ ልጅ አላስታውስም።